የኩንያራ ጣቢያ ሁለቱ ዘንጎች

ኩንያራ ጣቢያ ሲሠራ እኔ አልተወለድኩም። የስንዴ ገበሬዎቹ ፈርመው ያስገቡት ማመልከቻ ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከከረመ በኋላ፣ ሐዲዱ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ እስከ ቢሪን ሐይቅ ድረስ ሠላሳ አንድ ማይል ተዘረጋ። ኩንያራ መሀሉ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያው ዘመን የጣቢያ ሹም፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሁለት ጫኝና አውራጅ፣ አንድ መብራት አብሪ ነበሩበት ይላሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሹሙና አንድ ሠራተኛ ቀሩ። ትልቁ ድርቅ በመጣ ጊዜ ሹሙም ተነሣና በቦታው የአንድ የጥገና ሠራተኛ ሚስት ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ጣቢያውን የያዝነው ሴቶች ነን። ከእኔ በፊት ሦስት ነበሩ፤ አንዷ በዓይን ሕመም ተወች፣ አንዷ ሞተች፣ አንዷ ባሏ ሲዛወር አብራው ሄደች። እኔ አራተኛዋና የመጨረሻዋ ነኝ። የመጨረሻ የሆንኩበትን ምክንያት ሰው ሁሉ በየፊናው ስለሚያወራው፣ እኔም እንደሆነው ልጻፈው።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ትኬት እቆርጣለሁ፣ ዕቃ እመዝናለሁ፣ የገበሬዎቹን የቅቤ ጣሳ አስጭናለሁ፣ ፋኖሶቹን እሞላለሁ። ትልቁ ነገር ቤቱ ነበር። ከሥራው ጋር አራት ክፍል ቤት፣ የዝናብ ውሃ ታንከርና ትንሽ ግቢ ይሰጣል። ባለቤቴ አልፍ ተራ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ፣ በእሱ ሥራ ብቻ ቢሆን የሚደርሰን ከጣቢያው አራተኛው ማይል ላይ ካሉት የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ልጃችን ግሌኒስ ደረቷ ደካማ ነው፤ አቧራ ሲነሣ ትንፋሽ ያጥራታል። አራት ማይል በእግሯ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ማሰብ አልችልም ነበር። ስለዚህ ሥራዬን የምጠብቀው ቤቱን ለመጠበቅ ነበር።

ስለ ዘንጎቹ መናገር አለብኝ። መስመራችን ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ፣ ባቡር ከባቡር ፊት ለፊት እንዳይጋጠም የሚጠበቀው በዘንግ ነው። ሐዲዳችን ከዋናው መስመር ከሚገናኝበት ከመጋጠሚያው ከተማ እስከ እኛ ላለው መንገድ ቀይ ዘንግ፣ ከእኛ እስከ ሐይቁ ላለው ሰማያዊ ዘንግ አለ። የክንድ ርዝመት ያለው እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ የመንገዱ ስም የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ተመቶበታል። ዘንጉን ያልያዘ ባቡር ወደዚያ መንገድ አይገባም። ሁለት ባቡር ተከታትሎ የሚሄድ ከሆነ ፊተኛው ዘንጉን በዓይኑ አይቶ በወረቀት ፈቃድ ይሄዳል፣ ኋለኛው ዘንጉን ይዞ ይከተለዋል፤ ግን በወረቀት የሄደ ዘንጉ እስኪደርሰው ድረስ መመለስ አይችልም። የጥገና ሰዎችም ሐዲድ መንቀል ሲኖርባቸው ዘንጉን ይወስዱና አጠገባቸው ይተክሉታል። እሱ እነሱ ዘንድ ሳለ ባቡር አይመጣባቸውም። ከመጋጠሚያው የመጣው ነጂ ቀዩን ይሰጠኛል፣ ቢሮ ገብቼ እሰቅለዋለሁ፣ ሰማያዊውን አውርጄ እሰጠዋለሁ፣ እሱም አይቶ ይቀበላል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ሠርቼዋለሁ።

በየዓመቱ የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በባቡር ሐይቁ ድረስ ሽርሽር ይሄዳሉ። የአገሩ ሰው ግማሹ አብሮ ይሄዳል። ግሌኒስን ሦስት ዓመት ከልክያታለሁ። ውሃ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ እባብ አለ። ያን ዓመት ዘጠኝ ሞላትና መምህሯ ራሷ መጥታ ለመነችኝ። አልፍም «ልጅቷ እንቁላል አይደለችም መርል፣ ትሂድ» አለ። እሺ አልኩ።

ባቡሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረሰ፤ ስድስት ፉርጎ ሙሉ ልጅ። የእኛዎቹ ለመሳፈር ይጋፋሉ። ነጂው ፐርሲ ሃክስቴብል ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መስመር የነዳ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው። የቄሱ ሁለት ልጆች ሞተሩ ላይ ወጥተው ጡሩንባውን እንሳብ እያሉ እጁ ላይ ተንጠልጥለዋል።

እኔ ከግሌኒስ ጋር ነበርኩ።

«ባርኔጣሽን አታውልቂ። ውሃው ከጉልበትሽ በላይ እንዳይመጣ።»

«እሺ እማዬ።»

«መስኮት ላይ አትንጠልጠዪ። ደረትሽን ካፈነሽ ወዲያው ለመምህሯ ንገሪ። ሣር ውስጥ በባዶ እግርሽ እንዳትገቢ።»

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል እኮ!»

ፐርሲ ከላይ ሆኖ ቀዩን ዘንግ ዘረጋልኝ። «እህቴ፣ ልጅቷን ልቀቂያትና የሐይቁን አምጪልኝ፤ ሐይቁ ሳይደርቅ ልድረስ።»

ሰው ሳቀ። ቀዩን ተቀበልኩና ወደ ቢሮው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ፤ ግሌኒስ ባርኔጣዋን አውልቃ እስከ ወገቧ በመስኮት ወጥታለች። ሮጬ ተመለስኩ። ጮህኩባት፤ ገባች። ከዚያ በእጄ ያለውን ዘንግ ለፐርሲ አቀበልኩት። እሱም ሳያየው መንጠቆው ላይ ሰቀለው፤ በዚያው ቅጽበት አንደኛው ልጅ ጡሩንባውን ስቦት ጆሯችን ደነቆረ። ባቡሩ ሄደ።

ጣሳዎቹን ወደ ጥላ አስገብቼ፣ መድረኩን ጠርጌ፣ አራት ሰዓት ገደማ የባቡሩን ሰዓት መዝገብ ላይ ልጽፍ ገባሁ። ሰማያዊው ዘንግ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የቀዩ ቦታ ባዶ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ሰማያዊውን እያየሁ ቆየሁ፤ ቀለሙ የሚለወጥ ይመስል።

ደንቡ አንድ ነው፤ ወዲያው ወደ መጋጠሚያው ይደወላል። የስልክ መስመራችን ለሦስቱም ጣቢያ አንድ ሽቦ ነው፤ ሐይቁን ብቻ ልጥራ ብል እንኳ መጋጠሚያው ይሰማል። ከደወልኩ ሥራው ይሄዳል። ሥራው ከሄደ ቤቱ ይሄዳል። ካልደወልኩስ? ሰማያዊው እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ ሌላ ባቡር ወደዚያ መንገድ አይገባም። የጭነት ባቡር የዚያን ቀን የለም። ፐርሲ ከሐይቁ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል፣ አሥራ አንድ ላይ እዚህ ይደርሳል፣ ቀዩን ይዞ ወደ መጋጠሚያው ይቀጥላል። ጆሮው ላይ አንድ ነገር ብለው ይበቃል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም። እኔ የሚጠበቅብኝ ተቀምጬ ዘንጉን መጠበቅ ብቻ ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩና ተቀመጥኩ።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዶት ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ሁሉም ሐይቅ ወርዶ አንቺ እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሥራ አለኝ።»

«የምን ሥራ? ጣቢያውን እኮ ማንም ተሸክሞ አይሄድም። ነይ ሻይ ጠጪ።» ከዚያ ፊቴን ልብ ብላ አየች። «ምን ሆነሻል መርል? ሰው ሞቷል?»

«እስካሁን አልሞተም።»

«አንቺ እኮ ቀልድሽም ያስፈራል» ብላ ሄደች።

ሦስት ሰዓት እንዲህ ተቀመጥኩ። ውሃ ልቀዳ እንኳ አልወጣሁም። ስልኩን አላነሣሁም።

ሰባት ሰዓት ላይ አልፍ ከሐይቁ መንገድ ትሮሊውን፣ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን የጥገና ጋሪ፣ እየገፋ መጣ። የጥገናው አለቃ ከልጆቹ ጋር ሽርሽር ስለሄደ የዕለቱ ኃላፊ እሱ ነበር፤ አብሮት ያለው ሽማግሌው ጆክ ብቻ ነው። ላቡ ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኖ ፊቱ ላይ ወርዷል።

«ሰባተኛው ማይል፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሐዲዱ ተሰንጥቋል» አለ፤ ውሃ እየጠጣ። «ጠዋት ባቡሩ ካለፈ በኋላ ነው ያየሁት። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ሲመለሱ አይሸከማቸውም። አሁኑኑ ነቅለን መለወጥ አለብን፤ ጆክ መለወጫውን ሐዲድ እያወጣ ነው...» ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። «እንዴ! በወረቀት ነው የሄዱት?»

የውሃውን ጣሳ ከእጁ ተቀበልኩ።

«ተመስገን። እኔ እኮ አሁን ምን ልናደርግ ነው እያልኩ ነበር። እንግዲያው ዘንጉን ይዤ እሄዳለሁ፤ ስንጨርስ በመኪና እንልክላቸዋለን። እኔ ሳልለቅ መነሣት አይችሉም።» እጁን ዘርግቶ ሰማያዊውን አወረደው።

አዎ ብል ይሄድ ነበር። ዘንጉን አጠገቡ ተክሎ፣ ሐዲዱን ነቅሎ፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ይሠራል። ፐርሲ ደግሞ ቀዩን ሰማያዊ መስሎት ይመጣል።

«በወረቀት አይደለም» አልኩት። «ቀዩን ነው የሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለፐርሲ። ራሱን ቀዩን መለስኩለት። አላየም።»

አልፍ ዘንጉን ቁልቁል አየ፤ ከዚያ እኔን። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አራት ሰዓት ላይ።»

ሰባት ሰዓት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የዕቃ መመዘኛው ላይ ተቀመጠ። መርፌው ዞሮ ቆመ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናደደው ቀስ ብሎ ነው።

«ደወልሽ?»

«አልደወልኩም።»

«እንግዲያውስ ጥሩ። አትደውዪ። እኔ ቀይ ባንዲራ ይዤ መታጠፊያው ላይ እቆማለሁ። ፐርሲ ይቆማል። ዘንጉን እዚያው እንለዋወጣለን፣ ሐዲዱን እናስተካክላለን፣ ይሄዳሉ። ማን ያውቃል?»

«ፐርሲ ያውቃል።»

«ፐርሲ ያንቺኑ ያህል አጥፍቷል፤ አፉን ይዘጋል።»

«ባንዲራው ባይታየውስ?»

«ባንዲራ ለምን አይታይም? ቀን ነው እኮ።»

ክንዱን ይዤ በሩ ጋ አወጣሁት። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ከታች ጀምሮ ጡብ መስሏል። የአቧራ ማዕበል ነው፤ ገና ሩቅ ነው፣ ግን ሰፊ ነው።

«እኛ ጋ ላይደርስ ይችላል» አለ።

«ቢደርስስ?»

«መርል! ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ሲዘንብ ጎርፍ ነው፣ ልጅቷን ሲያስላት ሳንባ ነው። አንድ ቀን እንኳ ነገሩ በደህና ያልፋል ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ ጠዋት ብዬ ነበር። ልጅቷን የለቀቅኳት እኮ ለዚያ ነው።»

ሰማዩን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤቱ ይሄዳል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያ ቆርቆሮ ቤት በጋ ላይ ምድጃ ነው።»

«አውቃለሁ አልፍ።»

የስልኩን እጀታ ያዝኩ። የሐይቁ ጣቢያ ጥሪ ሦስት ረጅም፣ አንድ አጭር ነው። አዞርኩ። ማንም አላነሣም። ደግሜ አዞርኩ። እዚያ ቋሚ ሰው የለም፤ ሁሉም ውሃው ዳር ከሆነ ደወሉን የሚሰማው አይኖርም። በአራተኛው ላይ ተነሣ። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ኮን ነበር።

«ሐይቁ ነው። ቶሎ በሉ፣ ሥራ ላይ ነን።»

«ኮን፣ መርል ነኝ፣ ኩንያራ። ባቡሩ እንዳይነቃነቅ።»

«ምነው? ልጆቹን እያሳፈርን ነው እኮ። ምዕራቡ ቀልቷል፤ ፐርሲ አቧራው ሳይደርስብን እንውጣ ብሎ ነው።»

አልፍ ከድምፄ ሳይሆን ከፊቴ አነበበው፤ ብድግ አለ።

«ሂድና ዘንጉን እይልኝ። ቀለሙን ንገረኝ።»

«ዘንጉ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ኮን፣ በእግዚአብሔር፣ ሂድ።»

ስልኩን አስቀምጦት ሄደ። በሽቦው ውስጥ ልጆች ሲዘምሩ ይሰማኛል። አንድ ሴት «ጫማሽስ? ጫማሽን የት ጣልሽው?» እያለች ትጮኻለች። ግሌኒስን ይሆን ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ የሩጫ ኮቴ መጣ።

«እህቴ» አለ ኮን፤ ትንፋሹ ተቆርጧል። «ቀዩ ነው።»

«ሰማያዊው እዚህ እኛ ጋ ነው። ሰባተኛው ማይል ላይ ደግሞ ሐዲዱ ተሰንጥቋል። ለፐርሲ ንገረው።»

ኮን ገና ሳይመልስ ሌላ ድምፅ ገባ። ቀዝቃዛና ጨዋ ድምፅ፣ የመጋጠሚያው ጸሐፊ የአቶ ኖላን።

«ይቅርታ፣ ቀዩ ነው ያለው ማነው?»

«ኮን ነው» አልኩ። «እኔ መርል ቴስዲል ነኝ አቶ ኖላን። ለሽርሽሩ ባቡር የተሳሳተ ዘንግ ሰጥቻለሁ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያለ ዘንግ ያሉት?»

«ከሦስት ሰዓት ከሃያ።»

ሲጽፍ ብዕሩ ይሰማል። መቼ እንዳወቅኩ አልጠየቀኝም። ባቡሩ ባለበት እንዲቆም፣ ጥገናው እንዲቀጥል፣ ካለቀ በኋላ ሰማያዊው ዘንግ በመኪና ወደ ሐይቁ እንዲሄድ አዘዘ። ትእዛዙን ቃል በቃል አስጻፈኝና ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት።

አቧራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። እኛ ጋ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ አለፈ። ሰባተኛው ማይል ላይ ስለነበረው ነገር ሁለት ወሬ አለ። አልፍ «ሃምሳ እርምጃ ያህል ይታይ ነበር» ይላል። ጆክ ደግሞ «የራሴን መዶሻ አጥቼ በዳበሳ ነው ያገኘሁት» ይላል። እኔ አልነበርኩም።

ሐዲዱ አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ዘንጉን የዶት ባል በመኪናው አደረሰ። ባቡሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩንያራ ገባ። ግሌኒስ አፍንጫዋ ተልጦ፣ በጆንያ ሩጫ ሁለተኛ ወጥታ ያገኘችውን ጥብጣብ ደረቷ ላይ አድርጋ ወረደች። ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ደህና ነው። «ፉርጎ ውስጥ መስኮት ዘግተው ሦስት ሰዓት አስቀመጡን፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም» ብላ አኮረፈች። ፐርሲ ሰማያዊውን አስረከበኝ። ሁለታችንም ናሱን ጮክ ብለን አነበብነው። ቀዩንም እንዲሁ አነበብነውና ይዞት ሄደ።

ምርመራው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጋጠሚያው ላይ ሆነ። ከመሄዳችን በፊት አልፍ ጫማውን እየወለወለ «አንድ ነገር ልበልሽ» አለኝ። «አልፍ ሲመጣ ነው ያወቅኩት በይ። ስህተት ለማንም ይደርሳል። ሦስት ሰዓት ዝም ማለት ግን ሌላ ነው።»

«አንተስ ብትጠየቅ?»

«እኔ ስደርስ እንደደወልሽ እናገራለሁ። ይህ ውሸት አይደለም።»

ልክ ነበር። ውሸት አልነበረም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ፐርሲ የሠርግና የቀብር ልብሱን ለብሶ መጥቷል። ዘንጉን አየኸው ወይ ሲሉት «አላየሁትም» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት እያየሁ ተቀብያለሁ፤ ያን ቀን አላየሁም። ሌላ የምለው የለኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መሀል ያለው ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ደግ በሆነ ድምፅ ተናገረ።

«ወይዘሮ ቴስዲል፣ ባለቤትዎ በሰባት ሰዓት እንደደረሱና እርስዎም ወዲያው እንደደወሉ እዚህ ተጽፏል። ስህተቱን ያወቁት ያን ጊዜ፣ ባለቤትዎ ዘንጉን ሲያወርዱ ነው ማለት ነው፤ አይደለም?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር። ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። አልፍ ከኋላዬ ተቀምጦ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ሁሉንም አሰብኩት። አዎ ብዬ ቤቴ እገባለሁ። በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ አወቁብኝ እላለሁ። ዶት ያን ቀን ፊቴን አይታለች፤ ለአንድ ሰው ታወራለች። ደብዳቤ ሲመጣ፣ ተቆጣጣሪ ሲወርድ፣ ፐርሲ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ዛሬ ነው እላለሁ። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። ያቺን ሦስት ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃታለሁ፤ በየቀኑ ልቀመጣት አልቻልኩም።

«አይደለም ጌታዬ» አልኩ። «ያወቅኩት አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ሽማግሌው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ለምን አልደወሉም?»

«ቤቱን ፈርቼ።»

በስተግራ ያለው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌው የተናገርኩትን እንዳለ ጻፈው፤ ወረቀቱን አዙሮ ይፈርሙ አለኝ። ፈረምኩ።

ፐርሲን ከመንገደኛ ባቡር አውርደው መጋጠሚያው ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚገፋ ሞተር ላይ አደረጉት፤ ጡረታው ግን አልተነካም። እኔ ከሥራ ተሰናበትኩ። በቦታዬ ሰው አልመደቡም፤ ነጂዎቹ ራሳቸው ዘንጉን እየሰቀሉ እያወረዱ እንዲያልፉ ተደረገና ኩንያራ ያለ ሰው ቀረ። ከመጋጠሚያው ቤት ስንደርስ አልፍ መሰላሉን አውጥቶ አራተኛው ማይል ሄደ፤ የቆርቆሮ ቤቱን ጣራ ሊያይ። ተመልሶ «ሁለት ቦታ ያፈሳል፣ ሌላው ደህና ነው» አለኝ። ለግሌኒስ ከጆክ አንድ አሮጌ ብስክሌት አገኘላት። በብስክሌት ስትሄድ ከጭነት መኪና ጋር የምትጋጭበትን ቦታ ሁሉ ቆጥሬ ነገርኩት። እሱ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ።

ቤቱን በአሥራ አራት ቀን ልቀቁ ተባልን። በአሥራ አንደኛው ቀን ለቀቅን። አልፍ ሦስት ቀን እያለን ምን ያስቸኩለናል ሲለኝ፣ በመጨረሻው ቀን መኪናው መንገድ ላይ ቢቆምብን ዕቃችንን የት እናደርገዋለን አልኩት። አልጋውን ከአንድ ወገን ያዘ፣ እኔ ከሌላው ያዝኩ፣ አወጣነው።